የምዕራቡ መስኮት መዝጊያ

ጋሽ ብሎን የሰው መስኮት መዝጊያ ሲገጥም ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል። ብሎን ስሙ አይደለም፤ ሲሠራ ብሎኖቹን በከንፈሩ ይዞ ስለሚያወራ የወጣለት ነው። በሥራው የሚያማው የለም። ሻተር የሚሉትን ተጠቅላይ የብረት መዝጊያ ከመኪና ጋራዥ እስከ ባንክ በር ገጥሟል፤ ሞተር ያለውንም የሌለውንም እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። የራሱ ቤት መስኮት ግን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ባለ አንድ መኝታ ቤት መስኮት፣ በቀበቶ እየተጎተተ የሚወጣና የሚወርድ አሮጌ መዝጊያ ነበረው። ነገ እቀይረዋለሁ፣ ዛሬ እቀይረዋለሁ ሲል ኖረ። የሠራተኛ ቤት እንዲህ ነው፤ ለሰው ሲሮጥ የራሱ ይቀራል።

ጉዱን የሠራችው ይህቺው «ነገ ዛሬ» ናት።

ሚስቱ ከደረጃ ወድቃ ከአንገቷ በታች አልታዘዝ ካላት ስምንት ወሯ ነው። አፏ ይሠራል፣ ዓይኗ ይሠራል፣ ጭንቅላቷማ ከማንም በላይ ይሠራል፤ እጇ ግን ዝንብ አያባርርም። አልጋዋ የምዕራቡ መስኮት ሥር ነው። መንገዱን ማየት ስለምትወድ እዚያ ይሁንልኝ ያለችው ራሷ ናት። ማክሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው መዝጊያውን ከፈተላት፣ አበላት፣ አገላበጣት፣ ሥራ ሄደ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው እትዬ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ወጥታ ውሃ ታጠጣታለች፤ ፀሐይዋ ወደዚያ ወገን ሳትዞርም መዝጊያውን ታወርድላታለች። የዚያን ዕለት ግን የእትዬ ጉልበት አብጦ ደረጃ መውጣት አቃታት። ለጋሽ ብሎን ደወለች። እሱ መሰላል ላይ ሆኖ ድሪል ያስጮኻል፤ አልሰማም። ፀሐይዋ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሴትዮዋ ፊት ላይ ተቀመጠች። ጮኸች፤ በዚያ የመኪና ጫጫታ ማን ይስማት።

ማምሻውን ጋሽ ብሎን ሲገባ ያየው ነገር ከዓይኑ አልጠፋም። ግማሽ ፊቷ ቀልቶ ተልጧል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ የዓይኗ ቆብ አብጧል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሌላ ጊዜ ስትጠብሰኝ በየመሃሉ አገላብጠኝ» አለችው። ልትስቅ ስትል ከንፈሯ ደማ።

ረቡዕ ከሰዓት ወንድሟ መጣ። ኢንጂነሩ። ትልልቅ ሕንፃ ውስጥ መብራቱን፣ በሩን፣ መስኮቱን፣ ማቀዝቀዣውን ሁሉ በአንድ ስልክ እንዲታዘዝ የሚያደርግ ሥርዓት የሚዘረጋ ሰው ነው። አልጮኸም፤ እሱ አይጮኽም። የእህቱን ፊት አየ፣ ሐኪም ያዘዘላትን ቅባት አነሣና ስሙን አነበበ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለ። «እህቴ እኔ ቤት ትሆናለች። እኔ ቤት ቀኑን ሙሉ ሰው አለ።»

«ሚስቴ ናት» አለ ጋሽ ብሎን።

«ሚስትህ መሆኗንማ ፊቷ ላይ አየሁት።»

የጋሽ ብሎን ደም ወደ ጆሮው ወጣ። ከአፉ የወጣውን እሱም አላሰበበትም፦ «እስከ ቅዳሜ ይሄ መስኮት በራሷ አፍ ይታዘዛል። ፀሐይ ስትመጣ ሰው ሳይነካው ራሱ ይዘጋል። ያኔ መጥተህ ታየዋለህ።»

«ማን ነው የሚሠራው?»

«እኔ ነኛ!»

ኢንጂነሩ መስኮቱን አየ፣ እሱን አየ። «እሺ። ከሠራ ትቀራለች። ካልሠራ ትሄዳለች። ካስቸገረህ ደውል።»

ይህቺን «ካስቸገረህ»ን ጋሽ ብሎን እንደ ጥፊ ነው የቆጠራት።

ሁለቱ የተጣሉበት ቀን የለም፤ የተዋደዱበትም ቀን የለም። ኢንጂነሩ ለዘበኛውም ለሹፌሩም «እርስዎ» የሚል ጨዋ ነው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት የሚበልጠውን የእህቱን ባል ግን ከሠርጉ ቀን ጀምሮ «አንተ» እንዳለው አለ። በዚያው ሠርግ ላይ «እህታችንን በብሎን አሰርናት» ብሎ ጓደኞቹን አስቋቸዋል። ጋሽ ብሎን አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጉሮሮው ላይ ነው። ከሁሉ የባሰው የደብዳቤው ነገር ነው። አንድ ቀን ቤተሰቡ ምሳ ላይ ተሰብስቦ ሳለ ሩቅ አገር ካለ አጎት ደብዳቤ መጣ፤ አማቱ በክብር ለጋሽ ብሎን ሰጥተው «እስቲ አንብብልን» አሉት። የእሱ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ፊደሉን ያውቀዋል፤ ግን ሲያነብ በጨለማ ድንጋይ መሃል እንደሚሄድ ሰው ነው፣ አንድ እርምጃ፣ አንድ እንቅፋት። ሁለት መስመር ሳይጨርስ ኢንጂነሩ፣ ያኔ ገና ተማሪ፣ እጁን ዘርግቶ ደብዳቤውን ከእጁ ወሰደና «ተወው፣ ምግቡ ቀዘቀዘ» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቀችው ሚስቱ ብቻ ናት።

ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ወረቀት አንብቦ አያውቅም። የሚነበብ ሲመጣ ሚስቱ ታነብለታለች፤ ማንም ሳያይ፣ ራሷ የምታነበው መስላ።

ሐሙስ ጠዋት ሞተሩንና አዲሱን መዝጊያ ከሚያውቀው ዕቃ አቅራቢ ወሰደና ቀሪውን ፍለጋ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባ። ሻጯ ማስቲካዋን ወደ ሌላው ጉንጯ አሻግራ አየችው።

«ምን ልስጥዎት አባባ?»

ሃምሳ አራት ዓመት ምኑ ነው አባባ የሚያሰኘው? ዋጥ አደረጋት። «የመስኮት መዝጊያ በድምፅ የሚታዘዝ። ፀሐይ ስትመጣም በራሱ የሚዘጋ።»

ሦስት ዕቃ ደረደረችለት፦ ክብ ድምፅ ማጉያ፣ የክብሪት ቤት የምታህል ሳጥን፣ መስታወት ላይ የምትለጠፍ ቁልፍ መሳይ ነገር። «ይሄ ጆሮው ነው፣ ይቺ እጁ ናት፣ ይቺ ደግሞ ፀሐይ የምታይ ዓይኑ። ማን ነው የሚያስተዋውቃቸው?»

«እኔ።»

«አባባ፣ ሽቦ ማገናኘቱ ቀላሉ ነው። ዋናው በስልክ የሚነግሩት ነው። የገጠሙት ምን እንደሆነ ካልነገሩት አያውቅም፣ ጅል ነው። አንድ ጎበዝ ሰው አለ፣ እንዲህ ያለ ሥራ እሱ ነው የሚጨርሰው፤ ቁጥሩን ልስጥዎት» አለችና ጽፋ ዘረጋችለት።

ቁጥር በማንበብ ጋሽ ብሎንን የሚበልጠው የለም። ገና ሲያየው አወቀው። የኢንጂነሩ ስልክ ነው።

«ይቅርብኝ» አለ።

«እንግዲያው መመሪያውን ሳያነቡ እንዳይጀምሩ።»

«አነባለሁ።» ይህን ያለው እንደ ሚኒስትር ኮርቶ ነው።

ዓርብ ሥራ ቀረ። አሮጌውን መዝጊያ አወረደ፣ ቀበቶውን መዝዞ ጣለ፣ ሞተሩን መዝጊያው በሚጠቀለልበት ቧንቧ ውስጥ ከተተ፣ ቅጠል ብረት የሚሏቸውን አዲሶቹን ስስ የመዝጊያ ብረቶች በየሐዲዳቸው አስገባ፣ የላይና የታች ማቆሚያውን አስተካከለ። እስከዚህ ድረስ ንጉሥ ነበር። ሚስቱ ካበጠው የዓይኗ ቆብ ሥር ታየዋለች፣ ትጎነትለዋለች።

«ሰው ቤት ስትገጥምም እንዲህ ነው የምትሳደበው?»

«ሰው ቤትማ ባለቤቷ አልጋ ላይ ሆና አትቆጣጠረኝም።»

«ይሄ ከላይ ያለው ጠማማ ነው።»

«አንቺ ነሽ የተጣመምሽው፣ ትራሱ ወርዷል» አለና ራሷን ደግፎ ትራሱን አስተካከለላት። እውነትም ቀጥ ብሎ ታያት።

ሳጥኗን ከአልጋው ራስጌ፣ ከማብሪያ ማጥፊያው ጀርባ ግድግዳ ውስጥ ሸጎጣት። ከትራሷ አንድ ስንዝር ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ስልኩ ላይ መመሪያውን ከፈተ። ሰማይ የዞረበት ያኔ ነው።

ገጽ በገጽ ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ያዘ፣ መሃሉ ላይ ሲደርስ መነሻው ጠፋበት። እንደገና ጀመረ። ከአንገቱ ሥር ላብ ወረደ። ጊዜው ይሄዳል፤ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያ ሰው በዚህ በር ይገባል። ጽሑፉን እየዘለለ ሥዕሉን ተከተለ። አንድ ቦታ ሲደርስ አንዱ የሚመረጥ ሦስት ሥዕል ወጣ፦ አንድ አምፖል፣ ሁለት አምፖል፣ ሦስተኛው መሰላል የሚመስል፣ መስመር በመስመር ላይ የተደረደረበት ነገር። በየሥራቸው ረጅም ረጅም ጽሑፍ አለ።

«ምን ይላል?» አለች ሚስቱ።

«ያለውን ይላል።»

«አምጣና ላንብብልህ።»

«ዓይንሽ ሐኪም ይረፍ ያለው ነው።»

«አንድ መስመር አያሳውረኝም። ፊቴ ላይ ያዝልኝ።»

«ገብቶኛል አልኩሽ እኮ!» ድምፁ ከፍ አለ።

ጋሽ ብሎን አሰበ፤ በራሱ መንገድ በደንብ አሰበ። ከሞተሩ የሚመጣው ሽቦ ሁለት ነው፣ አንዱ ለመውጫ፣ አንዱ ለመውረጃ። ሁለት ሽቦ፣ ሁለት አምፖል። መሰላል ደግሞ ምን ያደርግልኛል? መሰላል የመሰለው ነገር የራሱ የመዝጊያው ቅጠል ብረት ነበር። ሠላሳ ዓመት በእጁ የደረደረውን ነገር አንድ የማያውቀው ሰው በጣት ጥፍር ልክ ሲስልበት አላወቀውም። ሁለቱን አምፖል ነካ።

ክቡ ጆሮ የተናገሩትን ቃል እየቀዳ የሚማር ነው። ሚስቱ በራሷ ድምፅ «ክፈት»፣ «ዝጋ»፣ «ቁም» ብላ ቀዳችለት።

«በይ» አላት።

«ዝጋ።»

ግድግዳው ውስጥ ቀጭ አለ። ሞተሩ እንደ ንብ አጉረመረመ፣ መዝጊያው ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ወረደ፣ ክፍሉ ጨለመ። ጨለማው ውስጥ ስትተነፍስ ሰማት። እያለቀሰች ነው።

«ምነው?»

«ስምንት ወር ሙሉ አንድ ነገር አዝዤ አላውቅም፤ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ክፈት!»

አልከፈተም። ደግማ አለች። ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፣ አቃሰተ። ጋሽ ብሎን ደንግጦ «ቁም በይው፣ ቁም!» አለ። «ቁም» ስትል ዝም አለ፤ ቀጥላ «ክፈት» ስትለው ሽቅብ ወጣ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከሩት፤ ሁሌም እንዲሁ ነው። መሃል ላይ «ቁም» ካላሉት ያቃስታል።

«ለምንድን ነው?» አለች።

«አዲስ ስለሆነ ነው። ማሽንም ክብር ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ቁም በይው፣ ከዚያ እዘዢው።»

ይህ ነገር ልክ አለመሆኑን እጁ አውቆታል። ሞተር እንዲህ ሲያቃስት የሰማው፣ አንድ ሠልጣኝ በስህተት የመውጫውንም የመውረጃውንም ሽቦ ባንዴ ሲነካ ነው። ግን እንዴት ብሎ ይፍታው? የሚፈታው ጽሑፉ ውስጥ ነው፤ ጽሑፉን የሚያነብለት አለ፤ ስልኩን አንሥቶ ለኢንጂነሩ «አቃተኝ» ማለት ብቻ ነው። ስልኩን ኪሱ ከተተው። ፀሐይ የምታየውን ዓይን መስታወቱ ላይ ለጠፈና የእጅ ባትሪ አበራበት። መዝጊያው ወረደ። «ቁም» አለች፣ «ክፈት» አለች፣ ወጣ። ሠራ አይደል? ሠራ።

ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እንደ ልጅ ሲያስጠናት ዋለ። «ከሁሉ በፊት ምን ትያለሽ?» «ቁም።» «ሳትረሺ።» «ሰውዬ፣ የወደቀው ጀርባዬ ነው፣ ጭንቅላቴ አይደለም።»

ኢንጂነሩ ልክ በሰዓቱ ገባ። «እህት ዓለም» ብሎ ግንባሯን ሳማት፤ ለጋሽ ብሎን አንገቱን ነቀነቀ። ሰማዩ ደመና ነበር፣ መዝጊያው ተከፍቶ መንገዱ ይታያል። ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ። የግድግዳውን ማብሪያ በጣቱ ነካ።

«ሳጥኑን ራስጌዋ ጋ ነው ያደረግከው?»

«መስመሩ ያለው እዚያ ነው።»

መልስ አልሰጠም። የተማረ ሰው መልስ ሳይሰጥ ሲቀር፣ ያልተማረው ራሱን ሲከስስ ያድራል፤ እነሱ ይህን ያውቁታል።

ወሬ ጀመሩ። እህትና ወንድም ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ አንድ ሰነፍ አስተማሪ ተሳሳቁ። ጋሽ ብሎን ቆሞ ሰማዩን ይለምናል፤ ፀሐይ ውጪ ይላል በሆዱ፣ አንቺ ልጅ ውጪ። ደመናው ተገለጠ። ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ ብርድ ልብሱ ላይ ወጣ፣ ደረቷ ላይ ደረሰ። ቀጭ። መዝጊያው ማንም ሳይነካው መውረድ ጀመረ።

የሴትዮዋ ፊት በራ። በዚያ በተላጠ ፊቷ እንደ ሙሽራ ነበር የሳቀችው። «አየህ? አየህ ወንድምዬ?»

ኢንጂነሩም ፈገግ አለ፤ እውነተኛ ፈገግታ ነው። «ጎበዝ። እስቲ አሁን አስከፍቺው።»

«ክፈት!» አለች።

ደስታዋ ነው ያስረሳት። ጋሽ ብሎን «ቁም በ…» ብሎ ሳይጨርስ ሳጥኗ ሁለተኛ ቀጭ አለች። መዝጊያው መሃል ላይ ቀጥ አለ። ሞተሩ አቃሰተ፣ ጮኸ፣ ከዚያ የሚጎረብጥ ድምፅ አወጣ። «ቁም! ቁም! ቁም!» አለች፤ ፍርሃት ድምፅዋን ስለቀየረው ክቡ ጆሮ አላወቃትም። ከራስጌዋ ግድግዳ ቀጭን ጭስ ወጣ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

ጋሽ ብሎን ወደ መዝጊያው ዘለለ። በሁለት እጁ ከሥር ይዞ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ይሰድበዋል፣ ይለምነዋል።

«እኔን!» ብላ ጮኸች ከኋላው። «እኔን አውጣኝ እንጂ!»

ኢንጂነሩ ወደ ቆጣሪው ሮጦ መብራቱን አጠፋ። ሞተሩ ዝም አለ። ጋሽ ብሎን ዞር ሲል አልጋው ቦታው ላይ ነው፤ ሚስቱ ከአንድ ስንዝር የሚወጣውን ጭስ ላለመሳብ አፏን ገጥማ ዓይኗን ጨፍናለች። ያኔ ነው አልጋውን የጎተተው።

ጭሱ ብዙ አልነበረም፤ ወዲያው ጠፋ። ግድግዳው ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ጥቁር ቀረች። ኢንጂነሩ የጋሽ ብሎንን ስልክ ከጠረጴዛው አነሣ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ነካካ። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

«ሁለት መብራት ብለህ ነው ያስገባኸው።»

ጋሽ ብሎን የአልጋውን ጠርዝ እንደያዘ ነው።

«ሁለት መብራት አንድ ላይ ሊበራ ይችላል። ሞተር ግን ባንድ ጊዜ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሄድ አይችልም። ዓይኑ ዝጋ ሲለው እሷ ክፈት ስትለው ሁለቱንም እሺ አለ። ሦስተኛውን ብትነካ አንዱ ሳይጠፋ ሌላው አይበራም ነበር።» ስልኩን መለሰለት። «ሥሩ ተጽፏል እኮ።»

«ወንድምዬ» አለች እህቱ፣ «ውረድና መኪናውን አዘጋጅልኝ። ወንበሩን አስተኛው።»

ወጣ። ሁለቱ ቀሩ። ግማሽ የወረደው መዝጊያ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎታል፣ ላዩ ጨለማ፣ ታቹ ፀሐይ።

«ላንብብልህ አልኩህ» አለች።

«ዓይንሽ…»

«ዓይኔን ተወው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳነብልህ ለማን ነግሬብህ አውቃለሁ?»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ነገ እሑድ ነው፣ አልወጣም። አንሶላ እሰቅላለሁ። እኔው ቆሜ እከልልሻለሁ።»

«ሰኞስ? አንተ መሰላል ላይ ነህ፣ እትዬ ጉልበቷን ይዛለች፣ እኔ እዚህ ነኝ። ጭሱ ሲመጣ የማልነሣው እኔ ነኝ እኮ። አንተ ደግሞ ወደ ብረቱ ነው የሮጥከው።»

ይህን ስትል አልጮኸችም። ብትጮኽበት በወደደ።

«መዝጊያው ከሠራ ትቀሪያለሽ ስላለ ነው» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «እሱን ካስከፈትኩት አትሄጂም ብዬ ነው። ምን ላድርግ? ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ? እግሩ ላይ ልውደቅ?»

«እግሩን አልፈለገም። አላውቅም በለው። አሁን፣ እኔ እየሰማሁ። ከዚህ በኋላ እዚህ ቤት ውስጥ የማታውቀውን አውቃለሁ የምትል ከሆነ እኔ እዚህ አልጋ ላይ አልተኛም። ፈራሁህ።»

ተነሥቶ ወጣ። ደረጃው አናት ላይ ሲደርስ ቆመ። በደረጃው መሃል ባለው ክፍተት ቁልቁል ሲያይ ኢንጂነሩ ከታች ነው፤ አንደኛ ፎቅ ደርሷል። የጭሱ ሽታ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጥቷል። እትዬ በራፏ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«አንተ ብሎን! ምንድን ነው የተቃጠለው?»

«ምንም» ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ሌላ ነው።

«ማንበብ አቅቶኝ ነው!»

ኢንጂነሩ ቆመ። ቀና አለ። «ምን?»

«ጽሑፉን!» ጋሽ ብሎን የብረት መደገፊያውን በሁለት እጁ ጨብጧል። «ጽሑፉን ማንበብ አቅቶኝ ነው በሥዕሉ የሄድኩት። አላውቅም። ና አሳየኝ።»

ከዚያ እትዬ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ወይ አንተ! እኔ ደግሞ ሰው የሞተ መስሎኝ!» ብላ ጉልበቷን እያሸች ገባች። ያን ሁሉ ዓመት እንደ ሬሳ ደብቆ የያዘው ነገር ለእሷ ይህን ያህል ነበር።

ኢንጂነሩ ቀስ ብሎ ተመልሶ ወጣ። ይቅርታም አልጠየቀ፣ አላጽናናም። ደረጃው ላይ ተቀመጠና ስልኩን በመሃላቸው ይዞ ጽሑፉን ከአናቱ ጀምሮ አነበበለት፤ ሲያነብ በየቃሉ ሥር ጣቱን ያስኬዳል። ጋሽ ብሎን አዳመጠ። ነገሩ ቀላል ነበር። ይሄ ነው ያሳበደው፤ በጣም ቀላል ነበር። ከዚያ ገብተው ሞተሩን ፈተሹት፤ ከውስጥ ነዷል። ሳጥኗም ሄዳለች።

«ሰኞ ነው ሌላ የሚገኘው» አለ ኢንጂነሩ።

«ነግሬዋለሁ አላውቅም ብዬ» አለ ጋሽ ብሎን ለሚስቱ። «ብያለሁ። ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።» ዓይኗ ሞላ። «ግን ካልሠራ ትሄዳለች ነበር ያላችሁት፤ አልሠራም። ነገም ፀሐይ አለ። አንሣኝ።»

ያነሣት እሱ ነው። ራሷን በክንዱ፣ ጉልበቷን በሌላው፤ አንገቷ እንዳይንገላታ በየደረጃው እየቆመ። ወንድሟ ልርዳህ ሲለው ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላ ሰው አያያዟን አያውቅም። ሦስት ፎቅ ሲወርዱ ጉንጯ አንገቱ ላይ ነበር፤ ያ የተቃጠለው ወገን፣ ሙቀቱ ይሰማዋል።

መኪናው ውስጥ አስተኝቶ ቀበቶውን በደረቷ አሳለፈ። ኢንጂነሩ መሪው ላይ ተቀምጦ መስታወቱን አወረደ።

«ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። አብረን እንሠራዋለን። እስከዚያ ምንም እንዳትነካ።»

ምንም እንዳትነካ። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ መስኮቱ። ጋሽ ብሎን ጥርሱን ነከሰ። «እሺ» አለ።

«ከሠራ በኋላስ ትመለሳለች?» አለ ጋሽ ብሎን መልሶ።

ኢንጂነሩ ወደ ኋላ ዞሮ እህቱን አየ። እሷ ጣሪያውን ታያለች።

«መጀመሪያ ልየው» አለች። «ጭስ እንደማያመጣ ልየው።»

መኪናው ሄደ። ጋሽ ብሎን አስፋልቱ መሃል ቆመ። እትዬ በመስኮቷ አንገቷን አውጥታ «አንተ ብሎን፣ መቼ ትመጣለች?» አለችው። ቀና ብሎ ግማሽ የወረደውን መዝጊያ አየ። አንድ ሹፌር ከኋላው መጥቶ ክላክስ ነፋበት፤ አልሰማም። ደግሞ ነፋበት፤ ያኔ ወደ ጠርዙ ወጣ።